ቆርኪ፣ ሲባጎና የእናቴ ጠጅ

ይህን የተናገርኩት ጎንደር ውስጥ፣ አንድ የሰፈር አዳራሽ፣ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ነው። ስጽፈው ብዙም አላሳመርኩትም። የሳልኩበትንና መብራት የጠፋበትን ብቻ ዘለልኩ።

እንዴት አረፈዳችሁ! ወንበሩን ትንሽ ወደ ግድግዳው ገፋ ገፋ አድርጉልኝ። መሃሉ ይለቀቅ። ዛሬ ሰሌዳችን ይሄ ወለል ነው። ሴራሚክ ነው፣ ካሬ ካሬ ነው፣ ከዚህ የተሻለ የግራፍ ወረቀት ፈልጌ አላገኘሁም። ኪሴ ውስጥ ሠላሳ ቆርኪ አለ። ከየት አመጣኸው የሚል ካለ፣ እኔ አልጠጣሁትም፤ ፒያሳ ካለ ግሮሰሪ ለምኜ ነው፣ ቆጥረው ነው የሰጡኝ። አንድ ጥቅል ሲባጎም ይዣለሁ። በቃ፣ ዕቃችን ይኼው ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ታላቅ እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ተቆረጠ። ቤታችን ጠጅ ሊጣል ነው። የእናቴ ልክ የታወቀ ነው፤ አንድ ጣሳ ማር፣ ሦስት ጣሳ ውሃ። ሰው እንደ እጁ ይለያያል፣ አራት የሚያደርግም አለ፣ በዚህ አንጣላ። የዚያን ቀን አራት ጣሳ ማር ነበር። እናቴ ጌሾውን ስታሰናዳ እጇ አልፈታ አላትና «አንተ፣ ሂሳብ ትማር የለም እንዴ፤ ውሃውን ቀድተህ ጨምርልኝ» አለችኝ። እኔም ኮራ ብዬ አሰላሁ። ማሩ ከአንድ ወደ አራት ሲሄድ ሦስት ጨመረ። ስለዚህ ውሃውም ሦስት ይጨምር። ሦስትና ሦስት ስድስት። ስድስት ጣሳ ቀድቼ ገለበጥኩ፣ ከደንኩ፣ ልጫወት ወጣሁ።

ማር ሲበዛ መፍላቱ ይዘገያል። ይሄን በኋላ ነው ያወቅኩት። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ብርሌ ተቀዳላቸው፣ ቀመሱና አንደኛው በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ «ብርዙ ይጣፍጣል» አሉ። ብርዝ! እናቴ ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳችውም። እህቴ ለማንኛውም አገባች።

እስቲ ያንን ጋን እዚህ ወለል ላይ እናምጣው።

ይቺ ጥግ ዜሮ ትሁን። ከዜሮ ተነስቶ ወደ በሩ የሚሄደው መስመር ማር ነው። ከዜሮ ተነስቶ ወደ መስኮቱ የሚሄደው ውሃ ነው። አንድ ሴራሚክ አንድ ጣሳ። አንቺ ቢጫ ሹራብ የለበስሽው፣ ነይ እስቲ፣ ይሄን ቆርኪ ያዢ። የእናቴን ልክ አስቀምጪልኝ። አንድ ወደ በሩ፣ ሦስት ወደ መስኮቱ። አይ፣ መሃሉ ላይ አይደለም። አትፈሪ፣ እዚህ ትልቅ ሰውም ይሳሳታል። ካሬውን አይደለም የምንቆጥረው፣ መስመሩን ነው፤ ቆርኪው የሚያርፈው ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው። አዎ፣ እዚያ ጋ። ጎበዝ።

አሁን ሁለት ጣሳ ማር። ስንት ውሃ? ስድስት። አስቀምጪ። ሦስት ጣሳ ማር፣ ዘጠኝ ውሃ። አራት ማር፣ አሥራ ሁለት ውሃ፤ መስኮቱ ጋ ልትደርሺ ነው፣ ወንበሩን እለፊው። አራት ቆርኪ ሆነ። አሁን አንተ፣ የሲባጎውን ጫፍ ዜሮ ላይ በጫማህ ርገጥልኝ። አንቺ ደግሞ ሌላውን ጫፍ ይዘሽ መጨረሻው ቆርኪ ድረስ ወጥሪው። ጠበቅ አድርጊ። ሁላችሁም ተነሱና እዩት። አራቱም ቆርኪ ሲባጎው ስር ነው። አንድም ያፈነገጠ የለም።

ይሄ ነው እንግዲህ እኩል የሆኑ ሬሾዎች የሚባለው። አንድ ለሦስት፣ ሁለት ለስድስት፣ ሦስት ለዘጠኝ። ቁጥሩ ይለያያል፣ ጣዕሙ አንድ ነው። ደብተር ላይ በሠንጠረዥ ስንጽፋቸው አራት የተለያዩ ነገሮች ይመስላሉ። ወለል ላይ ስናስቀምጣቸው ግን ወንድማማች መሆናቸው በዓይን ይታያል።

አሁን የኔን ጥፋት እናስቀምጥ። ለየት ያለ ቀለም ያለው ቆርኪ ስጡኝ። አንድ ለሦስት ላይ ተስማምተናል። እኔ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ እየጨመርኩ ነው የሄድኩት፤ ሁለት ለአራት፣ ሦስት ለአምስት፣ አራት ለስድስት። በሉ ሌላ ሲባጎ ወጥሩበት። ምን ታያላችሁ? ይሄም ቀጥ ያለ ነው! አየህ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ተማሪ የሚሸወደው። መምህሩ «ሬሾ ከሆነ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል» ይላል፣ ተማሪው ቀጥ ያለ መስመር ያያል፣ «በቃ ሬሾ ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ይወድቃል። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ከመምህሩም ነው። ግማሹን ነው የነገረው።

ሲባጎውን ወደ ኋላ ሳቡት እስቲ፣ ወደ ዜሮ በኩል። ዜሮ ላይ አረፈ? አላረፈም። የት ሄደ? የውሃው መስመር ላይ፣ ሁለት ጋ። ይሄ ቦታ ምን ይላል? ማር ዜሮ፣ ውሃ ሁለት ጣሳ። ይሄ ምን ዓይነት መጠጥ ነው?

(ከኋላ አንዱ ልጅ «ቧንቧ!» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።)

ልክ ነህ፣ ቧንቧ ነው። ቧንቧ ደግሞ ጠጅ አይደለም። የኔ ስሌት «ማር ባይኖርም ሁለት ጣሳ ውሃ ግድ ነው» እያለ ነበር፣ እኔ ግን አልሰማሁትም። እውነተኛ ሬሾ ከዜሮ ነው የሚነሳው። ምንም ማር ከሌለ ምንም ውሃ የለም፣ ጠጅ የሚባል ነገር አልተጀመረም። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ቀጥ ብሏል ወይ? ዜሮን ይነካል ወይ? አንዱ ከጎደለ ሬሾ አትበሉት።

እግረ መንገዴን ስለ ቃላቱ ትንሽ። መማሪያ መጽሐፉ ንጥጥር ይለዋል፣ እኛ በወሬ ሬሾ እንላለን፣ ግንበኛው ደግሞ ሁለቱንም አይልም፤ «አንድ ለሁለት ለሦስት» ይልና ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በሳጥን መስፈር ይጀምራል። እናቶች «አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውሃ» ይላሉ። ይቺን «እጅ» የምትባል ቃል እወዳታለሁ። ጣሳም ሁን፣ ባልዲም ሁን፣ በርሜልም ሁን ግድ የላትም። ሬሾ ማለት እሷው ነች። መጽሐፉ ደግሞ ሁለት ሬሾዎች እኩል ሲሆኑ ወደር ይለዋል። «ወደር የለሽ» ስንል አቻ የሌለው ማለታችን አይደል? ተማሪ ሆኜ ይሄን ቢነግሩኝ ቃሉን ለመሸምደድ ያን ያህል አልሰቃይም ነበር።

እሺ፣ ወደ ወለሉ። አንድ ሌላ ሴት ወይዘሮ የራሳቸው ልክ አላቸው እንበል፤ ሁለት እጅ ማር፣ አምስት እጅ ውሃ። ከእናቴ ጠጅ ጋር ሲተያይ ማሩ የበዛው የቱ ነው? በቃል ስትጠየቁ ትንሽ ያደናግራል። ቆርኪ እናስቀምጥ። ሁለት ለአምስት። አራት ለአሥር። ሲባጎ ከዜሮ። አሁን ሁለት ሲባጎ ከአንድ ዜሮ ተነስቷል፣ አንዱ ይበልጥ ዳገት ነው። የእናቴ ነው ዳገቱ። እና የቱ ነው ማር የበዛበት? «ዳገቱ» አላችሁ። አየሽ፣ ሁሌ ይሄ ይመጣል፤ ከፍ ያለ ሁሉ የበለጠ ይመስለናል። ወደ ላይ የሚሄደው ምንድነው? ውሃው! ዳገቱ በበረታ ቁጥር ለአንድ ጣሳ ማር የሚገባው ውሃ በዛ ማለት ነው። ስለዚህ የእናቴ ነው የቀጠነው፣ የወይዘሮዋ ነው ማር የበዛበት። ማሩን ወደ መስኮቱ፣ ውሃውን ወደ በሩ ብናደርገው ኖሮ ሁሉም ይገለበጥ ነበር። ግራፍ ስታዩ ከሁሉም በፊት በየትኛው በኩል ምን እንዳለ አንብቡ። ወደ ጎሃ ሆቴል በእግሩ የወጣ ሰው ዳገት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ስትሄድ ስንት ወደ ላይ ትወጣለህ ነው ነገሩ። የእናቴ መስመር ላይ መልሱ ሦስት ነው። የወይዘሮዋ ላይ ሁለት ተኩል። አንድ ጣሳ ማር ላይ ቁሙና ወደ መስኮቱ ቁጠሩ፣ ሲባጎውን ታገኙታላችሁ።

ሲባጎው በቆርኪዎቹ መሃልም ያልፋል፣ ልብ በሉ። ግማሽ ጣሳ ማር ቢኖር? አንድ ጣሳ ተኩል ውሃ፤ ሲባጎው ላይ አለ። ይሄ ቀልድ ያልሆነበት ቦታ አለ። ከተማችን በ1954 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ነች፣ ከጤና ባለሙያ ጋር ያልተዛመደ ቤተሰብ እዚህ ማግኘት ይከብዳል፣ ስለዚህ ይሄን ቤት ሄዳችሁ አስተካክሉልኝ። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ኦአርኤስ ሲጠፋ ቤት ውስጥ የሚበጠበጠው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ማንኪያው ለጥ ያለ እንጂ የተቆለለ አይደለም። ለግማሽ ሊትርስ? ሦስት ማንኪያ ስኳርና የማንኪያ ሩብ ጨው። ውሃውን ቀንሶ ጨውን የማይቀንስ ሰው ከሲባጎው ወጥቷል፤ ጨው ሲበዛ ደግሞ ሕፃኑን ይጎዳል።

ሲባጎ የማይዘረጋበትም አለ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ተማሪ ይቀመጣል። አንድ ለሦስት፣ ሁለት ለስድስት። ቆርኪዎቹ ያው የጠጁ ናቸው። ግን ግማሽ ዴስክ ላይ አንድ ተኩል ተማሪ አስቀምጡልኝ እስቲ። አይሆንም። እዚያ ቆርኪው ብቻ ይበቃል።

ይሄን ዓይነት ሥዕል ማን አመጣው ያለኝ ልጅ ነበር፣ ገና ስገባ። የፈረንሳዩ ረኔ ዴካርት በ1637 ሆላንድ ውስጥ ባሳተመው ሥራ አልጀብራንና ጂኦሜትሪን አጋባቸው፤ መጽሐፋችሁ ካርቴዢያን የሚለው ከሱ ስም ነው። ዛሬ የምንስለውን ባለ ሁለት መስመር ሥዕል በዚህ መልኩ እሱ አልጨረሰውም፣ ከኋላው የመጡት ናቸው ያስተካከሉት። እኔን የሚገርመኝ ዓመቱ ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው የሚባለው፣ በነሱው አቆጣጠር። አንድ ዓመት! እዚህ ድንጋይና ኖራ እየተቦካ፣ እዚያ ሰውየው ቁጥርን ወደ መስመር ይቀይራል። ደግሞ አፄ ፋሲል ከአገር ያባረሯቸው ጀስዊቶች፣ ዴካርትን በልጅነቱ ያስተማሩት እነሱው ናቸው። ማለቴ እዚያው አውሮፓ፣ ሌሎቹ። ከሬሾ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ግን ካልተናገርኩት ያንቀኛል።

አሁን ስለ አያቴ ፎቶ። ባለፈው ዓመት በስልኬ ያነሳኋትን ፎቶ ትልቅ ላስደርግ አንድ ስቱዲዮ ሄድኩ። 20 በ30 አልኩ። የተሠራው ሲመጣ አያቴ አለች፣ አጠገቧ የተቀመጠው የወንድሜ ልጅ ግን ግማሽ ጉንጭ የለውም። «ማሽኑ ነው» አለኝ ባለሙያው። ማሽኑ አልነበረም። ሬሾው ነው፣ ጥያቄውን ያቀረብኩት ደግሞ እኔው የሂሳብ አስተማሪው ነኝ።

እዩት። ፎቶ ማለት አንድ ጥጉ ዜሮ ላይ የተቀመጠ አራት ማዕዘን ነው። ወርዱ ወደ በሩ፣ ቁመቱ ወደ መስኮቱ። ከዜሮው ትይዩ ያለው ጥግ ላይ ቆርኪ አስቀምጡ። 10 በ15፣ 20 በ30፤ ሁለቱም አንድ ሲባጎ ላይ ናቸው፣ 2 ለ3። ትንሹን ትልቁ ላይ ብታስቀምጡት፣ ጥጉ በትልቁ ሰያፍ ላይ ያርፋል። ያለ ምንም መቆራረጥ አንዱ ወደ ሌላው ያድጋል። የስልክ ካሜራ ግን ብዙ ጊዜ 3 ለ4 ነው፣ ሌላ ሲባጎ። ቁመቱን 30 ሴንቲ ካደረግነው ወርዱ 22 ሴንቲ ተኩል ይፈልጋል። ወረቀቱ 20 ነው። የቀረችው ሁለት ሴንቲ ተኩል የልጁ ጉንጭ ነች። 15 በ20 ወይም 30 በ40 ብዬ ብሄድ ሙሉ ፊቱ ይኖረው ነበር።

ባጃጅ የሚነዳ ሰው እዚህ አለ? እጅህን አውጣ፣ አትፈር፣ ሂሳብህን አልጠይቅህም። ቁጥሩን እኔ ልፍጠር። ለባለቤቱ በቀን 500 ብር ገቢ ታደርጋለህ እንበል። በሰው 20 ብር። ነዳጁን ለጊዜው እንተወው። 50 ሰው ስትጭን 1000 ብር፣ ገቢውን ስትሰጥ 500 ይተርፍሃል። 100 ሰው ስትጭንስ? 2000፣ ገቢው ሲወጣ 1500። ሰው በእጥፍ ጨመረ፣ የተረፈህ ግን ሦስት እጥፍ ሆነ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ሬሾ ግን አይደለም። ሲባጎውን ወደ ኋላ ብትስበው ከወለሉ በታች ይገባል፣ ምድር ቤት፤ አንድም ሰው ሳትጭን 500 ባለዕዳ ነህ። እስከ ሃያ አምስተኛው ሰው ድረስ የምትነዳው ለባለቤቱ ነው። ባጃጅ ነጂ ጠዋት ጠዋት ለምን እንደሚቆጣ ይሄ ሲባጎ ይነግራችኋል።

እዚህ ጋ ልጨርስ አስቤ ነበር።

ጥያቄ ሲጠየቅ ግን ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ ናቸው። «የኔ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ይሄ ሲባጎህ የሲሶን ነገር ያውቃል?»

«በደንብ እንጂ አባባ» አልኩ። የእኩልም፣ ሲሶም፣ እርቦም፣ ሁሉም ከዜሮ የሚነሱ ሲባጎዎች ናቸው። ቆርኪዎቹን ሰብስበን እንደገና ዘረጋን። ወደ በሩ ያለው ምርት፣ በኩንታል። ወደ መስኮቱ ያለው ለባለመሬቱ የሚሰጠው። ሲሶ ከሆነ ሦስት ኩንታል ሲመረት አንድ፣ ስድስት ሲመረት ሁለት፣ አሥራ ሁለት ሲመረት አራት። ሲባጎው ዜሮን ይነካል። ዝናብ ጠፍቶ ምንም ካልተመረተ ምንም አይሰጥም፤ ጉዳቱን ሁለቱም ይካፈሉታል።

«ጥሩ» አሉ። «ቁርጥ ከሆነስ? መጣም ቀረ አራት ኩንታል አምጣ ቢልህ?»

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። ሌላ ሲባጎ ወሰድኩና ከውሃው መስመር፣ ይቅርታ፣ ከባለመሬቱ መስመር አራት ላይ ጀምሬ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ እንዲሄድ አደረግኩት። ዳገት የለውም። ምርቱ ዜሮም ቢሆን አራት፣ ሠላሳም ቢሆን አራት። ሁለቱ ሲባጎዎች አንድ ቦታ ላይ ተቆራረጡ። ባለ ቢጫ ሹራቧ ልጅ ሄዳ ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት ወደ በሩ፣ አራት ወደ መስኮቱ። ቆርኪ አስቀመጠችበት። ጥጉ ላይ፣ መሃሉ ላይ አይደለም።

«ከዚህ በላይ ከተመረተ» አልኩ፣ «ለአራሹ ቁርጡ ይሻላል። ከዚህ በታች ከሆነ ሲሶው። ስድስት ኩንታል ብቻ ቢገኝ በሲሶ ሁለት ሰጥቶ አራት ይቀረዋል። በቁርጥ ግን አራት ሰጥቶ ሁለት።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ቀስ እያሉ መጥተው የከዘራውን ጫፍ ቆርኪዋ አጠገብ አሳረፉና ዝም ብለው አዩዋት።

«እኔና ወንድሜ የተጣላነው እዚች ጋ ነው» አሉ። «እሱ ምርቱ ይቺን ያልፋል ይላል። እኔ አይደርስም እላለሁ።»

«ታዲያ ስንት ተመረተ አባባ?»

«የዚያን ዓመት? አሥራ ሁለት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እሳቸውም ሳቁ። ጎንበስ ብለው ቆርኪዋን አነሱና ኮታቸው ኪስ ከተቷት። እኔም ዝም አልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ስቆጥር ሃያ ዘጠኝ ነበር።